ለትራክ (በዝግ ሥፍራ ለመንዳት) የያዝኳት ያማሃ አር3 ሞተር ሳይክል፦ የእቁቡን ብር በየትኛው ዕቃ ላይ ላውለው?

የጣና ዳር ነጂ (ባሕር ዳር)

ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። እቁብ ደርሶኛል። ባለቤቴ የጣሪያውን ቆርቆሮ ነገር ከማንሣቷ በፊት ብሩን በሞተር ሳይክሌ ላይ ማዋል ስላለብኝ መልሳችሁ ቶሎ ቢደርሰኝ ደስ ይለኛል።

ያለችኝ በፈረንጆቹ 2016 የተሠራች ያማሃ አር3 ናት፤ 321 ሲሲ፣ ባለ ሁለት ፒስተን። የገዛኋት ከሰው እጅ ነው። ለከተማ መመላለሻ ሌላ ሞተር ስላለኝ እሷን መንገድ ላይ አልነዳትም። ከከተማው ወጣ ብሎ አንድ ድርጅት ሰፊ የአስፋልት ግቢ አለው፤ እሑድ እሑድ ከባድ መኪኖቹ ስለማይኖሩ ባለቤቱ ይፈቅዱልናል። የፕላስቲክ ሾጣጣ ደርድረን ኩርባ እንሠራለን። ረጅሙ ቀጥታ መንገድ 200 ሜትር ገደማ ነው፤ የቀረው ሁሉ መጠማዘዝ ነው። ከሁለተኛና ከሦስተኛ ማርሽ አልወጣም።

የሚያናድደኝ አንድ ነገር ነው። ከኩርባ ስወጣ ነዳጅ እሰጣለሁ፣ ሞተሯ ግን ተኝታ ትቆይና ዘግይታ ትነቃለች። ኬቲኤም ዱክ 390 ያለው ጓደኛዬ በዚያ መሃል ጥሎኝ ይሄዳል፤ ከዚያ ሻይ ቤት ሳምንቱን ሙሉ ያወራዋል።

ያሰብኳቸው ዕቃዎች እነዚህ ናቸው፦ ሙሉ ማርሚታ (የጭስ ማውጫ)፣ ክፍት የአየር ማጣሪያ፣ የሞተሩን ኮምፒውተር ማስተካከል፣ ፍሪሲዮን ሳይያዝ ማርሽ የሚያስቀይረው መሣሪያ፣ የኋላ ሾክ፣ ጎማ። ብሩ 120,000 ነው፣ ሁሉንም አይችልም። በታኅሣሥ ከዱባይ የሚመጣ ዘመድ ስላለኝ ሻንጣ ውስጥ የሚገባ ዕቃ ያመጣልኛል። የቱን ላስቀድም?

ምናልባት የሚጠቅም ከሆነ፦ ክብደቴ 88 ኪሎ ነው። ፍሬን ስይዝ የሞተሯ አፍንጫ በጣም ይደፋል። ከጥቂት ዙር በኋላም የፊት ፍሬኑ መያዣ እየለሰለሰ ወደ እጄ ይጠጋል፤ ትንሽ ሳርፍ ግን ይመለሳል።

ነጎድጓድ (ባሕር ዳር)

ይህ ምን ይጠየቃል? ማርሚታ ነው እንጂ! መጀመሪያ ድምፅ፣ ከዚያ ሌላው ይደርሳል። ያማሃ አር3 በፋብሪካ ማርሚታዋ የልብስ ስፌት መኪና ትመስላለች። ሙሉውን ቀይር፣ ማጣሪያውን ክፈት፣ ያኔ ዱኩን ከኋላህ ትሰማዋለህ። ትሰማዋለህ ስል እንኳ አትሰማውም፣ የአንተው ድምፅ ይሸፍነዋል።

መፍቻ ቁጥር 10 (ደብረ ማርቆስ)

ወንድም ዓለም፣ ጥያቄህን ደግሜ አነበብሁት። ዋናውን ነገር ከሁሉ በኋላ፣ ያውም «ምናልባት የሚጠቅም ከሆነ» ብለህ ጽፈኸዋል። የፊት ፍሬንህ ከጥቂት ዙር በኋላ እየከዳህ ነው። የማትቆም ሞተር ይዘህ የምትፈጥንበትን ዕቃ ትጠይቀናለህ። እኔ ጋራዥ ውስጥ ያረጀሁ ሰው ነኝ፤ እንዲህ ያለ ደንበኛ ሲመጣ መጀመሪያ ቁልፉን ነው የምቀበለው።

የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል። ዶት 4 የሚባለው አዲስ ሲሆን የመፍያ ነጥቡ ቢያንስ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ ውኃ ከሳበ በኋላ ግን እስከ 155 ሊወርድ ይችላል። ያንተዋ ደግሞ ከሰው እጅ የተገዛች፣ ክረምቱን ሐይቅ ዳር የከረመች ናት፤ ዘይቷ መቼ እንደተቀየረ የሚያውቅ ያለ አይመስለኝም። አስፋልቱ ላይ ደጋግመህ ስትይዝ ዲስኩና ዲስኩን የሚጨብጠው ሸራ ይግላሉ፣ ሙቀቱ ወደ ዘይቱ ይሻገራል፣ በዘይቱ ውስጥ ያለው ውኃ ይፈላል፣ አረፋ ይፈጠራል። ዘይት አይጨመቅም፤ አረፋ ግን ይጨመቃል። መያዣው ወደ እጅህ የሚጠጋው አረፋውን እየጨመቅህ ስለሆነ ነው። ሲቀዘቅዝ አረፋው ስለሚጠፋ «ተመለሰ» ትላለህ። አልተመለሰም። የሚቀጥለውን እሑድ እየጠበቀ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ግዢ አንድ ጠርሙስ ያልተከፈተ ዶት 4 ወይም ዶት 5.1 ነው። 5.1 አዲሱ 260፣ እርጥበት የሳበው 180 ነው ዝቅተኛው፤ ከዶት 4 ጋር መቀላቀል ይችላል። «ዶት 5» ብቻ የሚል ጠርሙስ ካየህ ግን አስቀምጠው። እሱ ሲሊኮን ነው፣ ከአንተው ዘይት ጋር አይስማማም። ቁጥሩ ስለሚመሳሰል ሻጩም ሊሳሳት ይችላል።

ከዘይቱ ቀጥሎ የፍሬን ቱቦ። የፋብሪካው ጎማ ነው፤ በዕድሜ ይለሰልሳል፣ ስትጨብጥ ያብጣል። በብረት ሽቦ የተሸመነው አያብጥም፣ የጣትህ ኃይል ሳይባክን ዲስኩ ላይ ይደርሳል። ከዱባይ የሚመጣው ዘመድህ ኪሱ ውስጥ ይዞት ሊመጣ ይችላል። ሸራውን በተመለከተ ለውድድር የተሠራውን አትግዛ። እሱ በደንብ ካልጋለ አይዝም፤ 200 ሜትር ላይ ደግሞ እስኪግል ድረስ እሑዱ ያልፋል። ለመንገድ የተሠራ፣ ከብረት ዱቄት የተጋገረ ጥሩ ሸራ ይበቃሃል።

ጎማውን እንመልከት። ጎንህን ዝቅ አድርግና በጎማው ጎን ላይ ያለውን አራት አሐዝ ፈልግ። ለምሳሌ 3219 ካለ በፈረንጆቹ 2019፣ በ32ኛው ሳምንት የተሠራ ነው ማለት ነው። ጥርሱ ገና ቢመስልም ላስቲኩ ከደረቀ ኩርባ ላይ አይይዝህም። የሞተርህ ልክ ከፊት 110/70፣ ከኋላ 140/70፣ ሁለቱም ባለ 17 ናቸው። ከቁጥሮቹ መሃል «አር» ያለበትን፣ ማለት ራዲያሉን ፈልግ፤ ሰረዝ ብቻ ያለበት ሌላ ዓይነት ነው። ከኋላ 160 እንድታስገባ የሚመክርህ ሰው ይኖራል፣ እንዳትሰማው። የኋላ ቸርኬህ ስፋት አራት ኢንች ነው፤ ሰፊ ጎማ ስታስገባበት ጎኖቹ ይጨመቃሉ፣ ቅርጹ ይሾላል፣ ሞተሯም ለመተኛት ትለግማለች። ቆማ ግን ታምራለች፣ ለፎቶግራፍ ከሆነ ሌላ ነገር ነው። ጥርስ የሌለውን ለስላሳ የውድድር ጎማም ተወው። እሱ በኤሌክትሪክ ብርድ ልብስ ተሞቆ የሚነዳ ነው፤ በእናንተ ግቢ ቀዝቅዞ ይጥልሃል። ጎማ ሻንጣ ስለማይገባ የብርህ ትልቁ ክፍል እዚህ ይሄዳል፣ ይሂድ።

አፍንጫዋ ስለመደፋቱ፦ የዚህች ሞተር የፊት ሞላ ከአንተ ለሚቀልል ሰው ነው የሚመቸው። በ2016ቱ ላይ ከፊት ምንም ማስተካከያ የለውም፤ ከኋላ ብቻ በሰባት ደረጃ የሚጠብቅና የሚላላ ቀለበት አለ። ሄልሜት፣ ቆዳና ጫማ ስትጨምር 88 ኪሎህ መቶ ሊጠጋ ነው። ለካ። ሞተሯ ከመሬት ተነሥታ ሞላው ሙሉ ሲዘረጋ ያለውን ርዝመት ውሰድ፤ ከዚያ ሙሉ ልብስህን ለብሰህ ስትቀመጥባት፣ ሌላ ሰው ቀጥ አድርጎ ይዟት እያለ፣ እንደገና ለካ። ልዩነቱ ከ30 እስከ 35 ሚሊሜትር ቢሆን ጥሩ ነው። ከ45 ካለፈ ከኋላ ቀለበቱን አጥብቅ፤ ከፊት ደግሞ ለክብደትህ የሚሆን ሞላና አዲስ የሹካ (የፊቱን ጎማ የሚይዙት ሁለት እግሮች) ዘይት ያስፈልግሃል። የፊት ሞላ ሁለት ዘንግ ነው፣ ሻንጣ ይገባል፣ ከኋላው ውድ ሾክ ጋር ሲተያይ ዋጋውም ቀላል ነው። ብዙ ሰው ከኋላ የሚታየውን ባለ ወርቅ ቀለም ሾክ ገዝቶ የፊቱን ይረሳዋል። ፍሬን ስትይዝ ክብደትህን የሚሸከመው ግን የፊቱ ነው።

አሁን ወደ ማርሚታው። ነጎድጓድ ይቅር ይበለኝና ማርሚታውን ብቻ በመቀየር የምታገኘው አንድ ወይም ሁለት የፈረስ ጉልበት ቢሆን ነው። የጥቂት ኪሎ ቅናሽ ይኖረዋል፣ እሱን አልክድም። ክፍት ማጣሪያው ግን ጭራሽ አይታሰብ። የበጋውን አቧራችንን እያየህ! የሚገባው ደቃቅ አሸዋ ሲሊንደሩን እንደ ሞረድ ይበላዋል። የፋብሪካውን የወረቀት ማጣሪያ አዲስ ግዛ፣ እሱ ራሱ «ማሻሻያ» ነው፤ አሁን ያለው ምን እንደሚመስል ከፍተህ እየው።

ማርሽ ማስቀየሪያውስ? 200 ሜትር ላይ የምትቀይረው አንድ ጊዜ ነው። አንድ ጊዜ ፍሪሲዮን ያዝ፣ እጅህ አይደክምም።

የፍኖተ ሰላም መምህር (ፍኖተ ሰላም)

ጋሼ መፍቻ የተናገሩት ላይ የምጨምረው የከፍታን ጉዳይ ነው፤ ፊዚክስ ስለማስተምር ዝም ማለት አልቻልኩም።

ያማሃ አር3 በወረቀት ላይ 42 የፈረስ ጉልበት አላት። ይህ የተለካው ለባሕር ጠለል ነው። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት በአምስተኛ ያህል ያንሳል። ደብረ ማርቆስ 2,450 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን ሩብ ያህል ያንሳል። ሞተር የሚያቃጥለው ቤንዚን ካገኘው አየር ጋር ስለሚመጠን ጉልበቱም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ከ42ቱ ባሕር ዳር የሚቀርህ ወደ 34 ነው። ስለዚህ ስምንቱን ከፍታው ወስዶብህ ሳለ አንድ ወይም ሁለቱን ለማስመለስ ብሩን ሁሉ ማርሚታ ላይ ልታፈስስ ነው።

ዱኩም እንዳንተው ተቀንሶበታል፤ ግን ነገሩ የጉልበት ብዛት ብቻ አይደለም። ዱክ 390 ባለ አንድ ትልቅ ፒስተን ነው፤ እስከ ፈረንጆቹ 2023 የተሠራው 373 ሲሲ ሲሆን 35 ኒውተን ሜትር ገደማ የመጠምዘዝ ኃይል በደቂቃ 7,000 ዙር አካባቢ ያገኛል። ያንቺዋ፣ ይቅርታ፣ ያንተዋ ሞተር 29.6 ኒውተን ሜትር ነው ያላት፣ እሱንም የምትሰጠው 9,000 ዙር ላይ ነው። ከኩርባ ስትወጣ 5,000 ላይ ከሆንክ ገና አልነቃችም። በሦስተኛ ማርሽ የምትገባበትን ኩርባ በሁለተኛ ግባ፣ ዙሩን ከ8,000 አታውርደው። ይህ ብር አይጠይቅም።

ብር የሚጠይቀው፣ ያውም ትንሽ፣ ካቴናው የሚዞርበት የፊት ጥርስ ነው። የፋብሪካው ከፊት 14፣ ከኋላ 43 ነው። ከፊት 13 ብታደርገው ጎማው ላይ የሚደርሰው የመጎተት ኃይል 8 በመቶ ገደማ ያድጋል። በሒሳብ ከፍታው ከወሰደብህ ሲሶ ያህሉን መልሰህ ታገኛለህ። ከፍተኛው ፍጥነት ይቀንሳል፣ ግን 200 ሜትር ላይ የት ትደርሳለህ?

አንድ ነገር ልጨምር። የአንተ ሞተር ነዳጅ የሚረጨው በኮምፒውተር ስለሆነ የአየሩን ግፊት ራሱ እየለካ ይመጥናል፤ ለከፍታ ብለህ ምንም መነካካት የለብህም። የእኔ ባለ ካርቡሬተር ናት። ካርቡሬተር የአየሩን መሳሳት አያውቅም፤ እዚህ ቤንዚን ያበዛል፣ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል፣ አነስ ያለ የነዳጅ ቀዳዳ እስኪገባለት ድረስ ታስላለች።

መፍቻ ቁጥር 10 (ደብረ ማርቆስ)

መምህር፣ ልክ ነው። በጥርሱ ላይ ብቻ ትንሽ እከራከራለሁ። ከፊት አንድ መቀነስ ከኋላ ሦስት ከመጨመር ጋር እኩል ነው፤ ካቴናው ግን በትንሹ ጥርስ ላይ በጣም ስለሚተጣጠፍ ቶሎ ያልቃል። ብር ቢተርፈው 14 በ46 አድርጎ ረዘም ያለ ካቴና ቢገዛ እመርጥ ነበር። ለሙከራ ግን 13ቱ ይሁን፣ ያለው ካቴና ይበቃዋል፤ የኋላውን ጎማ ትንሽ ወደ ኋላ ስቦ መወጠር ብቻ ነው። ከጥርሱ ፊት ያለው ዳዶ እንዳይፈታ የሚይዝ ታጣፊ ቀለበት አለው፣ መልሶ ማጠፍ እንዳይረሳ።

ነጎድጓድ (ባሕር ዳር)

እሺ፣ ከፍታው ከሆነ ጥፋተኛው መፍትሔ አለኝ። ለምን አባይ በረሃ ወርደን አንነዳም? ከደጀን ወርደን ድልድዩ ጋ ስንደርስ የእኔዋ ሞተር ሌላ ሞተር ትሆናለች። ኩርባ በኩርባ ነው፣ አስፋልቱም ሰፊ ነው።

የደጀኗ (ደጀን)

ነጎድጓድ፣ ወንድሜ፣ እኔ የግብርና ባለሙያ ነኝ፤ ያንን ቁልቁለት በሥራ ሞተሬ በያማሃ ኤጂ 100 ወርጄዋለሁ። ሞተርህ እዚያ የምትበረታው የድልድዩ አካባቢ ከእኛ ከተማ ከ1,000 ሜትር በላይ ዝቅ ስለሚል ነው፤ አየሩ ይወፍራል፣ ሙቀቱ ጥቂቱን ቢወስድበትም። እስከዚህ ተስማምተናል።

ግን እዚያ ምን እንዳለ ታውቃለህ? ሲኖትራክ ሲሚንቶ ጭኖ በአንደኛ ማርሽ ሲወጣ ኩርባውን ሙሉ ይይዘዋል። ከኋላው የተሰለፈው ሚኒባስ መታገሥ አቅቶት ይወጣል፣ አንተ ደግሞ ጎንህን ተኝተህ በዚያ በኩል ትመጣለህ። የመኪና ዘይት የፈሰሰበት አለ፣ መሬቱ ስለሚንሸራተት የተሰነጠቀና የሞገደ አስፋልት አለ፣ ዝንጀሮ አለ፣ ከብት አለ። አሁን ፍሬኑ የሚለሰልስበትን ሰው ወደዚያ ቁልቁለት ትጋብዘዋለህ! በእሑድ ግቢያችሁ ብትወድቁ የምትመቱት የፕላስቲክ ሾጣጣ ነው። እዚያ ግን ገደል ነው።

የጣና ዳር ነጂ፣ ልብስህስ? ስለ ጓንትና ስለ ቆዳ ልብስ አንድ ቃል አልጻፍክም። ብሩ ከእሱ ይጀምር። ጋሼ መፍቻም ወንድ ስለሆኑ ነው መሰል አልጠየቁህም።

የጣና ዳር ነጂ (ባሕር ዳር)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እትዬ የደጀኗ፣ ልብስ አለኝ፣ ጓንቱ ግን ቀጭን የክረምት ነው፤ ለዘመዴ በዝርዝሩ ላይ ጨመርኩት።

የጎማውን ቁጥር ዛሬ ጠዋት አየሁ። ከፊት 1816፣ ከኋላ 2116 ይላል። ከፋብሪካ የወጡት ናቸው ማለት ነው። የአየር ማጣሪያውን ስከፍትም የደረቀ የጢንዚዛ ክንፍና አንድ ቅጠል አገኘሁ። ቁመቱን ከወንድሜ ጋር ለካን፦ ከፊት 48፣ ከኋላ 41 ሚሊሜትር።

ማርሚታው ቀርቷል። ነጎድጓድ አዝኗል።

ሁለት ጥያቄ ቀርቶኛል። ለውድድር የሚነዱ ሰዎች ከራዲያተሩ ቀለም ያለውን ፈሳሽ አውጥተው ውኃ ብቻ ይሞላሉ ሲባል ሰምቻለሁ፤ ላድርገው? ደግሞስ ጋሼ መፍቻ፣ የፍሬን ዘይቱን ራሴ ብቀይረው ይቻላል ወይስ ልምጣ?

የፍኖተ ሰላም መምህር (ፍኖተ ሰላም)

የራዲያተሩን እኔ ልመልስ። ያ ፈሳሽ ግላይኮል አለበት፤ አስፋልት ላይ ከፈሰሰ ያንሸራትታል፣ በቶሎም አይደርቅም። ብዙ የውድድር ሥፍራዎች የሚከለክሉት ለዚያ ነው፣ ከኋላ የሚመጣውን ሰው ለማዳን። ባሕር ዳር ውኃ አይረጋም፣ ስለዚህ የብርዱ ጥቅም አይቀርብህም። የተጣራ ውኃ ከዝገት መከላከያ ጋር ሙላ፣ የቧንቧ ውኃ አይሁን። ግን የራዲያተሩን ክዳን ላስቲክ ተመልከተው። በእናንተ ከፍታ ክፍት ውኃ 94 ዲግሪ ላይ ይፈላል፤ በራዲያተሩ ውስጥ ከ100 በላይ ሳይፈላ የሚቆየው ክዳኑ ግፊት ስለሚይዝ ብቻ ነው። ላስቲኩ ከተሰነጠቀ ሦስተኛው ዙር ላይ እንፋሎት ታያለህ።

መፍቻ ቁጥር 10 (ደብረ ማርቆስ)

የደጀኗ፣ እህት ዓለም፣ ስለ ልብሱ ተቀጥቻለሁ።

የጣና ዳር ነጂ፣ ለሁለት ሰው የሚሠራ ሥራ ስለሆነ ራስህ መቀየር ትችላለህ። መሪውን አዙረህ ዘይት መያዣው ልክ ለጥ ብሎ እንዲቆም አድርግ። ክዳኑን ከመክፈትህ በፊት ዙሪያውን አጥራው። ከታች፣ ከሸራው መያዣ ላይ፣ ትንሿ የማስተንፈሻ ቡሎን አለች፤ ግልጽ የሆነ ቀጭን ቱቦ ሰክተህ ጫፉን ባዶ ጠርሙስ ውስጥ ክተት። ወንድምህ የፍሬኑን መያዣ ጨብጦ ይያዝ፣ አንተ ቡሎኗን በጥቂቱ ክፈት፣ ዘይቱ ሲወጣ ዝጋ፣ ከዚያ በኋላ ነው እሱ የሚለቀው። ሳትዘጋ ከለቀቀ አየር ይስባል። ከላይ ያለው ዘይት እንዳያልቅ እየጨመርህ፣ የሚወጣው ንጹሕና አረፋ የሌለበት እስኪሆን ቀጥል። አዲሱን ቱቦ ስታስገባ በየመጋጠሚያው ያሉትን የመዳብ ቀለበቶችም አዲስ አድርግ፣ አሮጌዎቹ ያንጠባጥባሉ።

48 ሚሊሜትሩ ለፊት ሞላው ይመሰክራል፣ እሱን እዘዝ። የኋላውን ቀለበት ሁለት ደረጃ አጥብቅና እንደገና ለካ። ሞላው ሲደርስ ግን ሹካውን ራስህ አትፍታው፣ ወደ ማርቆስ ይዘኸው ና፤ የሹካውን ሁለት እግሮች ብቻ አውጥተህ አምጣ፣ ሞተሯን ማምጣት አያስፈልግም። የሁለቱም ዘይት ከፍታ እኩል መሆን አለበት፣ እሱን ለመለካት መሣሪያ አለኝ።

የፍሬን ዘይት ቀለም ይበላል። ሥራውን ስትጀምር ታንኩን በእርጥብ ጨርቅ ሸፍነው፤ ጠብታ ከወደቀበት ሳትጠርገው ወዲያው ብዙ ውኃ አፍስስበት።